ላብራቶሪ ልክፈት ወይስ ይቅርብኝ? ፓቶሎጂስቷ ለጥያቄዎቻችሁ ትመልሳለች

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ! ባለፈው እትም ስለ ፓቶሎጂም (ከሰው የተወሰደ ናሙና መርምሮ በሽታውን የሚለይ የህክምና ዘርፍ ነው) ስለ ላብራቶሪ ስራም የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ጥያቄው ከጠበቅኩት በላይ ጎረፈ። ግማሹ "ላብ መክፈት ያዋጣል ወይ" ነው፣ ግማሹ ደግሞ "ውጤቴ ለምን ዘገየ" የሚል ንዴት። ሁሉንም መመለስ ስለማልችል የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ የሜዲስን ተማሪ ነኝ። ፓቶሎጂ በጣም ደስ ይለኛል፣ ግን ቤት ስናገር "ይሄን ሁሉ ዓመት የተማርሽው ሬሳ ልትከፍቺ ነው እንዴ" ይሉኛል። ጓደኞቼም ከሰው ጋር የማያወራ ሀኪም ልትሆኚ ነው እያሉ ይስቁብኛል። የእውነት ስራው ምን ይመስላል?

አይዞሽ እህቴ፣ የኔ እናት እስከ ዛሬ "ልጄ ሀኪም ናት፣ ግን በሽተኛ አታይም" እያለች ነው የምታስተዋውቀኝ። የሬሳ ምርመራ አለ፣ አልዋሽሽም፣ በተለይ ሬዚደንት ሆነሽ፣ ማለትም ስፔሻላይዝ እያደረግሽ፣ ትሰሪያለሽ፣ ከሱም ብዙ ትማሪያለሽ፣ የአብዛኞቻችን ቀን የሚያልቀው ግን በህይወት ካለ ሰው በተወሰደ ናሙና ላይ ነው። ጠዋት ስትገቢ ትሪ ሙሉ ስላይድ (በስሱ ተቆርጦ መስታወት ላይ የተለጠፈ ናሙና) ጠረጴዛሽ ላይ ይጠብቅሻል፣ አንዱ ከጡት የመጣ፣ አንዱ ከማህፀን በር፣ አንዱ ቆዳ ላይ የወጣች ጥቁር ነጥብ፣ እና ከያንዳንዱ ስላይድ ጀርባ ስልኩን በእጁ ይዞ ውጤት የሚጠብቅ ሰው አለ።

ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ ስራው ማይክሮስኮፕ ብቻ አለመሆኑን ነው። ሰርጅኑ የቆረጠውን አንጀት ከፍተሽ ዕጢውን በሴንቲሜትር ትለኪያለሽ፣ ጠርዙን በቀለም ትቀቢያለሽ፣ በኋላ ማይክሮስኮፕ ላይ ካንሰሩ ቀለሙን ነክቶታል ወይስ አልነካውም የሚለውን ለማየት፣ ከዛ ስቡ ውስጥ ሊምፍ ኖዶቹን፣ ካንሰር ሲሰራጭ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚገባባቸውን ትንንሽ ኳሶች፣ በጣትሽ እየዳበስሽ ትፈልጊያለሽ። ለአንጀት ካንሰር ቢያንስ 12 ኖድ እንዲታይ ነው የሚጠበቀው። 7 ብቻ አግኝተሽ "ኖዶቹ ውስጥ ካንሰር የለም" ብትዪ በሽተኛው የካንሰሩ ደረጃ (ስቴጁ) ዝቅ ተደርጎ ተነግሮት ኬሞ ሳይሰጠው ሊቀር ይችላል። አየሽ፣ በጣት ዳሰሳ ላይ የተንጠለጠለ ህይወት ነው።

"ከሰው ጋር አያወራም" ለሚሉሽ ደግሞ ስለ ፍሮዝን ሴክሽን ንገሪያቸው። በሽተኛው ኦፕሬሽን ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ፣ ሰርጅኑ ጓንቱን ሳያወልቅ፣ ቁራጭ ቲሹ ይላክልሻል፣ በረዶ አድርገሽ፣ ቆርጠሽ፣ ቀለም ነክረሽ፣ አይተሽ በ20 ደቂቃ አካባቢ ውስጥ ደውለሽ "ካንሰር ነው" ወይም "አይደለም" ትያለሽ፣ እሱም ያንን ሰምቶ ነው ቀጥሎ የሚቆርጠውን የሚወስነው። ይሄን ነገር ሉዊስ ዊልሰን የሚባል ፓቶሎጂስት በ1905 ማዮ ክሊኒክ ውስጥ የሰራው ሰርጅኑ ዊልያም ማዮ በሽተኛው ገና ጠረጴዛ ላይ እያለ መልሱን ንገሩኝ ብሎ ስለጨቀጨቀው ነው። ከሰርጅን ጋር በስልክ ተጨቃጭቆ የማያውቅ ፓቶሎጂስት እኔ እስካሁን አላየሁም።

ደም መስጠት ዛሬ ሰው የማይገድለው የደም ዓይነቶችን በ1901 ይፋ ባደረገው በካርል ላንድስታይነር ምክንያት ነው፣ እሱም ያኔ ስራው ሬሳ መመርመር ነበር። ይሄንንም ለቤተሰብ ንገሪልኝ።

አንድ ነገር ግን ሳልደብቅ፣ ምስጋና የሚናፍቅሽ ሰው ከሆንሽ ይሄ ስራ ያስከፋሻል። የዳነው ሰው አበባ ይዞ የሚሄደው ሰርጅኑ ጋ ነው። ስምሽ ሪፖርቱ ስር ላይ ነው፣ እሱንም ማንም አያነበውም።

ጥያቄ፦ ዶክተር የእናቴ የጡት ባዮፕሲ ከተወሰደ ሁለት ሳምንት ሆነው። የደም ምርመራ በሁለት ሰዓት ይደርሳል፣ ይሄ ለምን እንዲህ ይቆያል? ቤት ውስጥ ሰው እንቅልፍ አጥቷል። መጥፎ ስለሆነ ነው የሚደብቁን?

በመጀመሪያ፣ መዘግየት ማለት መጥፎ ማለት አይደለም፣ ይሄን ለእናትሽም ንገሪያት። ሁለት ሳምንት ግን ደውሎ ለመጠየቅ በቂ ጊዜ ነው፣ አትፈሪ፣ ደውይ።

የሚቆይበት ምክንያት እንዲህ ነው። የተወሰደው ስጋ መጀመሪያ እንዳይበላሽ የሚያደርገው ፈሳሽ፣ ፎርማሊን ውስጥ ይገባል፣ ፎርማሊን ደግሞ ወደ ውስጥ የሚሰርገው በሰዓት አንድ ሚሊሜትር ያህል ነው፣ ማፍጠን አይቻልም። የጡት ናሙና ከሆነ ቢያንስ 6 ሰዓት፣ ከ72 ሰዓት ያልበለጠ መቆየት አለበት፣ ከዛ ካነሰ ወይ ከበለጠ በኋላ የሚሰሩት የሆርሞንና የኸርቱ (HER2 የሚባል የካንሰር ሴል ፕሮቲን) ምርመራዎች ሊዋሹ ይችላሉ፣ መድኃኒቱ የሚመረጠው ደግሞ በነሱ ነው። ከዛ ሌሊቱን ማሽን ውስጥ ውሃው በአልኮል ይወጣለታል፣ በፓራፊን ሰም ይሞላል፣ ጠዋት ሰሙ ውስጥ ተቀብሮ ብሎክ ይሆናል፣ ቴክኒሻኑ ከ3 እስከ 5 ማይክሮን ውፍረት ይቆርጠዋል (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው፣ የራስ ፀጉር ከዛ ከ10 እጥፍ በላይ ይወፍራል)፣ ወይን ጠጅና ሮዝ ቀለም ይነከራል፣ እና እኔ ጋ ይመጣል። እስከዚህ ሁለት ሶስት ቀን ቢሆን ነው። ካንሰር መሆኑ ከታየ ወይ ካጠራጠረኝ ግን ተጨማሪ የአንቲቦዲ ምርመራ (የሴሉን ዓይነት በቀለም የሚለይ ስቴይን) አዛለሁ፣ እሱ ሌላ ቀናት ይጨምራል፣ አንዳንዴም ሌላ ላብ ነው የሚላከው፣ አንዳንዴ ደግሞ ስላይዱን ለሌላ ፓቶሎጂስት አሳያለሁ፣ ምክንያቱም እርግጠኛ ሳልሆን "ካንሰር" ብዬ መፃፍ አልፈልግም፣ የተፃፈ ቃል አይመለስም።

ስለዚህ ስትደውዪ "ደረሰ ወይ" ብለሽ ብቻ አትጠይቂ። "ስላይዱ ታይቷል? ተጨማሪ ስቴይን ታዟል? መቼ ይጠበቃል?" በይ። እንዲህ የሚጠይቅ ሰው ሪሴፕሽኑም በአንድ "አልደረሰም" አይሸኘውም። ውጤቱ ሲወጣ ደግሞ የሰሙ ብሎክ የት እንደሚቀመጥ ጠይቀሽ ያዢ፣ ሌላ ሀኪም ሁለተኛ አስተያየት ቢፈልግ እናትሽ ድጋሚ መወጋት የለባትም፣ ብሎኩን መላክ ነው።

ጥያቄ፦ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ላብ ሄጄ ፖታሺየሜ አንዱ ጋ በጣም ከፍ ብሎ አንዱ ጋ ኖርማል ሆነ። አንዱ ሌባ ነው ማለት ነው? የቱን ልመን?

ሌባ ከማለትህ በፊት ወንድሜ፣ ነገርን ከስሩ ውሃን ከጥሩ ነው። ፖታሺየም በብዛት ያለው ቀይ የደም ሴል ውስጥ ነው፣ መርፌው ሲያስቸግር ወይ ደሙ ቲዩብ ውስጥ በኃይል ሲገፋ ሴሎቹ ይፈነዳሉ፣ ፖታሺየሙ ይፈሳል፣ ማሽኑ ያየውን በትክክል ያነባል፣ ግን ያነበበው ያንተን አካል ሳይሆን የቲዩቡን አደጋ ነው። ሌላም አለ፣ ወይን ጠጅ ክዳን ያለው ቲዩብ ውስጥ ያለው፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ኢዲቲኤ ራሱ የፖታሺየም ጨው ነው፣ የደም ቀጂው ከሱ ቲዩብ ወደ ሌላው ትንሽ ከገለበጠ ፖታሺየም ሰማይ ይወጣል፣ ካልሲየም ደግሞ ይወድቃል። ሁለቱን አብረው ሳይ እኔ ወዲያው ድጋሚ ይቀዳ ነው የምለው። ስኳርም እንደዛው፣ የደሙ ፈሳሽ ከሴሎቹ ሳይለይ ከቆየ ሴሎቹ ራሳቸው ስኳሩን ይበሉታል፣ በሰዓት ከ5 እስከ 7 ፐርሰንት ይቀንሳል፣ ስኳርህ ኖርማል ነው ተብለህ ደስ ብሎህ ትሄዳለህ።

በላብራቶሪ ከሚፈጠሩት ስህተቶች አብዛኛዎቹ ናሙናው ማሽኑ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የሚፈጠሩ ናቸው። ስለዚህ የቱን ልመን ለሚለው፣ ሶስተኛ ጊዜ በደንብ የተቀዳ ደም ይሰራ፣ ሀኪምህም ይየው፣ እውነት ከፍ ብሎ ከሆነ ልብ የሚያቆም ነገር ስለሆነ ዛሬ ነገ አትበል።

ሳልረሳው፣ "ሙሉ ቼክአፕ" ብላችሁ 20 ምርመራ አሰርታችሁ አንዱ ቀይ ሲሆን ለምትደነግጡ። ኖርማል የሚባለው መጠን የሚሰራው ከጤነኛ ሰዎች 95 ፐርሰንቱን እንዲይዝ ተደርጎ ነው፣ ስለዚህ ከ20 ጤነኛ አንዱ ሁሌም ውጪ ነው። 20 የማይገናኙ ምርመራዎች ለአንድ ፍፁም ጤነኛ ሰው ብትሰሩ ቢያንስ አንዱ ቀይ የመሆን ዕድሉ 64 ፐርሰንት ነው። ይሄን የሚናገር የላብ ማስታወቂያ አይቼ አላውቅም፣ የኔንም ጨምሮ።

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ ፓቶሎጂስት ነኝ፣ ስፔሻላይዝ ካደረግኩ አምስት ዓመት ሆነኝ። እርስዎ ከሆስፒታል ወጥተው የራስዎን ላብ እንደከፈቱ ሰምቻለሁ። እኔም አስቤያለሁ፣ ትልቅ ኬሚስትሪ ማሽን የሚያስገባ ድርጅትም አነጋግሮኛል። ከየት ልጀምር?

ከማሽኑ አትጀምር። ይሄን የምልህ የጀመርኩት ከማሽኑ ስለሆነ ነው።

12 ዓመት ሆስፒታል ሰርቼ ስወጣ ምርመራ ማንበብ ነው የማውቀው፣ ደሞዝ መክፈል አላውቅም። በሰዓት መቶዎች ቴስት የሚሰራ ኬሚስትሪ ማሽን አስገባሁ፣ ክፍሉን ሞላው፣ የመጣ ሰው ሁሉ "ዋው" ይላል፣ በቀን የሚመጣልኝ ናሙና ግን በጣት የሚቆጠር ነበር። አሁን ሂሳቡን እይ። አንድ ምርመራ ለአንድ በሽተኛ ለመስራት መጀመሪያ ኮንትሮል፣ ማለትም ውጤቱ አስቀድሞ የሚታወቅ ናሙና፣ ታሰራለህ፣ ቢያንስ ሁለት ደረጃ፣ ዝቅተኛና ከፍተኛ። ስለዚህ በቀን አንድ በሽተኛ ብቻ ካለህ የሶስት ሰው ሪኤጀንት (የመመርመሪያ ኬሚካል) አቃጥለህ የአንድ ሰው ገንዘብ ነው የምትቀበለው፣ 50 በሽተኛ ካለህ ግን ያው ሁለት ኮንትሮል ለ50ው ይከፋፈላል። የላብ ቢዝነስ ምስጢሩ ይሄ ነው፣ ብዛት። ሪኤጀንቱ ደግሞ ከተከፈተ በኋላ ማሽኑ ላይ የሚቆየው ለተወሰኑ ቀናት ወይ ሳምንታት ነው፣ ካርቶኑ ላይ ያለው ቀን ገና ቢሆንም። የመጀመሪያው ዓመት የጣልኩትን ሪኤጀንት ባስብ እስከ ዛሬ ሆዴን ይቆርጠኛል።

ድርጅቱ "ማሽኑን በነፃ እናስቀምጥልሃለን፣ አንተ ሪኤጀንት ብቻ ግዛን" ብሎህ ከሆነ መጥፎ ነገር አይደለም፣ በየሀገሩ የሚሰራበት ነው፣ ግን ውሉ ውስጥ በወር ወይ በዓመት ቢያንስ ይሄን ያህል ትገዛለህ የሚል መስመር አለ። እሱን መስመር በጣትህ እየጠቆምክ አንብበው። ካልሞላህ ማን ይከፍላል? ማሽኑ ሲበላሽ ኢንጂነሩ በስንት ሰዓት ይደርሳል? ካሊብሬተሩ (ማሽኑ የሚስተካከልበት) እና ኮንትሮሉ ከቁጥሩ ውስጥ ናቸው ወይስ ውጪ? እኔ ሶስቱንም አልጠየቅኩም ነበር።

እንደገና ብጀምር የማደርገውን ልንገርህ። አንተ ፓቶሎጂስት ነህ፣ ጎረቤትህ ያለው ነጋዴ ኬሚስትሪ ማሽን መግዛት ይችላል፣ ስላይድ ማንበብ ግን አይችልም፣ ስለዚህ ከሂስቶፓቶሎጂ (የተቆረጠ ስጋን በማይክሮስኮፕ ከመመርመር) እና ከመርፌ ናሙና ጀምር። ዕቃው ቲሹ ፕሮሰሰር፣ ሰም ማፍሰሻ፣ ብሎኩን በስሱ የሚቆርጠው ማይክሮቶም፣ የሞቀ ውሃ ባዝ፣ ጥሩ ማይክሮስኮፕ ነው፣ በየዓመቱ ሞዴሉ የሚቀየር ነገር አይደለም፣ በደንብ የተያዘ ማይክሮቶም ከአንተ ቀድሞ ጡረታ አይወጣም። የሚያስቸግርህ ሰው ነው። ጥሩ የሂስቶሎጂ ቴክኒሻን እንደ ወርቅ ነው፣ እጁ ያልሰለጠነ ሰው የቆረጠው ስላይድ የተጨማደደ ይሆናል፣ ታጥፎ ካንሰር ይመስልሃል፣ ወይም ብሎኩን በጣም ከርክሞት ትንሿ ዕጢ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ትገባለች። ለማይክሮስኮፑ የምታስበውን ያህል ለሱ ደሞዝ አስብ፣ እንዳይሄድብህ። የአንቲቦዲ ምርመራዎችን ሁሉንም አትግዛ፣ በሳምንት ውስጥ በእርግጥ የምትጠቀምባቸውን ጥቂቶቹን ያዝ፣ የቀረውን ለትልቅ ላብ ላክ፣ መላክ ነውር አይደለም፣ ሪፖርቱ ላይ የት እንደተሰራ ፃፍ እንጂ።

ጥሬ ገንዘቡ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ሪኤጀንትና ደሞዝ ዛሬ ይከፈላል፣ ሆስፒታሎችና ኢንሹራንሶች የሚከፍሉህ ግን ከወራት በኋላ ነው፣ ስራህ እያደገ በሄደ ቁጥር የሚበደሩህ እየበዙ ይሄዳሉ፣ ወረቀት ላይ አትራፊ ሆነህ ባንክ ውስጥ ባዶ ልትሆን ትችላለህ። እኔ ሁለቴ ሆኛለሁ። ስለዚህ ለስድስት ወር ገቢ ባይኖር የሚያቆይ ገንዘብ ሳትይዝ ስራህን አትልቀቅ፣ መጀመሪያ ግማሽ ቀን እየሰራህ ጀምረው።

ጥራትን ደግሞ "ሲደላደል እጀምራለሁ" አትበል። ሌቪና ጄኒንግስ በ1950 ያመጡት የኮንትሮል ቻርት አለ፣ የኮንትሮሉን ውጤት በየቀኑ አንድ ነጥብ አድርጎ ማስቀመጥ ነው፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃዋል፣ ዌስትጋርድ በ1981 የጨመራቸው ህጎች ደግሞ የቱ ነጥብ ሲመጣ ስራ ማቆም እንዳለብህ ይነግሩሃል። ነጥቦቹ ቀስ እያሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲንሸራተቱ ማሽኑ ሳይጮህ ችግሩን ታየዋለህ። ኋላ የአይኤስኦ 15189፣ የህክምና ላብራቶሪዎች ዓለም አቀፍ የጥራት መስፈርት፣ አክሬዲቴሽን (እውቅና) ስትፈልግ (የመጨረሻው እትም የ2022 ነው) ገምጋሚዎቹ የሚጠይቁህ ይሄንኑ ያለፈ መዝገብ ነው፣ ከሌለህ ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሰህ መስራት አትችልም፣ ማለቴ በእውነት አትችልም፣ በውሸት የሚሰሩ አሉ።

ደንበኛህ ደግሞ ናሙናውን የሚልክልህ ሀኪም ነው። ሀኪሙን የሚያቆየው የሪፖርቱ ወረቀት ማማር አይደለም፣ ሲደውል ራስህ ማንሳትህ ነው፣ "ይሄ ናሙና አይበቃም፣ ከዚህ ቦታ ድገምልኝ" ብለህ ቀድመህ መደወልህ ነው። እኔን ያኖረኝ ስልኬ ነው፣ ማሽኑን ከሶስት ዓመት በኋላ መለስኩት።

ጥያቄ፦ ለሀኪሞች በላኩት ናሙና ልክ ኮሚሽን ካልከፈልክ ማንም አይልክልህም ይባላል። ደግሞ የኔ ኢንቨስተር "ቶሎ ቶሎ አዳዲስ ምርመራ እንጨምር፣ ማረጋገጡ ይደርሳል" ይላል። ምን ላድርግ?

ኮሚሽን አልከፍልም። ብዙ ቦታ ወንጀል ነው፣ ባይሆንም እንኳ አንዴ ከጀመርክ ከአንተ የበለጠ የሚከፍል ሲመጣ ናሙናው በማግስቱ ይሄዳል። በዛ ላይ ኮሚሽን የሚበላ ሀኪም የማያስፈልግ ምርመራ ያዛል፣ ከላይ ያልኩትን የ64 ፐርሰንት ነገር አስብና በሽተኛው ላይ የሚመጣውን ገምት። የመጀመሪያዎቹ ወራት ግን ይጎዳሉ፣ አልሸነግልህም።

ለኢንቨስተርህ የቴራኖስን፣ የአሜሪካውን የደም ምርመራ ድርጅት፣ ታሪክ ንገረው። በ2003 ተመሰረተ፣ ከጣት በተቀዳ ጠብታ ደም ብዙ ዓይነት ምርመራ እንሰራለን አሉ፣ አንድ ሰሞን ዋጋው 9 ቢሊዮን ዶላር ተገምቶ ነበር፣ በ2018 ተዘጋ፣ መስራቿ ኤልዛቤት ሆልምስ በጥር 2022 ኢንቨስተሮችን በማጭበርበር ጥፋተኛ ተባለች። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነው። የላቡ ዳይሬክተር የነበረው ፓቶሎጂስት ውጤቶቹ አላምር ሲሉት በ2014 ትቶ ወጣ፣ ኋላ ፍርድ ቤት ቀርቦ መሰከረ። ሪፖርቱ ስር ያለው ፊርማ ያንተ ነው፣ የኢንቨስተሩ አይደለም። ከመፈራረማችሁ በፊት ውሉ ላይ "አንድ ምርመራ ለበሽተኛ የሚከፈተው የሜዲካል ዳይሬክተሩ ማረጋገጫውን ሲፈርም ብቻ ነው" የሚል አንቀፅ አስገባ። እምቢ ካለ ኢንቨስተር አይደለም፣ ሌላ ፈልግ።

ጥያቄ፦ ኤአይ ስራችሁን ሊወስድባችሁ አይደል?

እስካሁን አልወሰደም። ስላይድ በሙሉ ስካን ተደርጎ በስክሪን ላይ ለምርመራ እንዲነበብ አሜሪካ የፈቀደችው በ2017 ነው፣ በ2021 ደግሞ የፕሮስቴት ካንሰር የሚጠቁም ሶፍትዌር ተፈቀደ፣ ፓቶሎጂስቱን "እዚህ ጋ እይ" የሚል ረዳት ሆኖ። ሴል መቁጠር ቢወስድልኝ ደስ ይለኛል፣ ጀርባዬን ያሳርፍልኛል። አንጀቱን ከፍቶ ኖድ የሚዳብስ ግን ገና አላየሁም።

ጥያቄ፦ ዶክተር በግልፅ ይንገሩን፣ ተሳስተው ያውቃሉ?

አዎ። ከሁሉም የማልረሳው ላቡን በከፈትኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ከጨጓራ የተወሰደ ነው ተብሎ የመጣ ናሙና ማይክሮስኮፕ ላይ ሳየው ታይሮይድ ነው። ጨጓራ ውስጥ ታይሮይድ አይበቅልም። ዞር ብዬ የዛን ቀን የገባውን የታይሮይድ ናሙና ሳይ እሱ ደግሞ ጨጓራ ሆኖ ቁጭ ብሏል። ምን ሆነ ብለን ስንከታተል ስሙ የተፃፈው ብልቃጡ ላይ ሳይሆን ክዳኑ ላይ ነበር፣ እኛ ጋ ሁለት ብልቃጥ ጎን ለጎን ተከፍተው ክዳን ተቀያየረ፣ በቃ። ላኪው ክዳን ላይ ፃፈ ብዬ ማሳበብ እችል ነበር፣ ግን የተቀበልነው እኛ ነን፣ የቀየርነውም እኛ ነን። ለሁለቱም ሀኪሞች ደውዬ ነገርኳቸው፣ አንዱ ከዛ በኋላ ናሙና አልላከልኝም፣ አልፈረድኩበትም።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን የተያዘው ስህተት አልነበረም። ሁለቱም ብልቃጥ ጨጓራ ቢሆኑ ኖሮ በምን አውቅ ነበር? ከዛ በፊት በነበሩት ወራት ስንት ብልቃጥ ጎን ለጎን ተከፍቷል? ሶስት ሰው ይዤ ሁለት ሳምንት መዝገብና ብሎክ ስናገላብጥ ከረምን፣ ሌላ የተቀያየረ አላገኘንም፣ "አላገኘንም" እና "የለም" ደግሞ አንድ አይደሉም።

አሁን በአንድ ጊዜ አንድ ብልቃጥ ብቻ ነው የሚከፈተው፣ ሁለተኛው ትሪ ላይ ተዘግቶ ይጠብቃል፣ ስራው ይዘገያል፣ ሰራተኞቹም ያጉረመርማሉ። ክዳን ላይ ብቻ ስም የተፃፈበት ብልቃጥ ከመጣ ደግሞ በር ላይ ይቆማል፣ ላኪው ራሱ መጥቶ የማን እንደሆነ አረጋግጦ ብልቃጡ ላይ ፅፎ ካልፈረመ ቢቆጣም አይገባም።